የችግኝ ለቅሶ በመርሳ

ከተማ የሚባል ነገር ሁሉ፣ አስፋልት ኖረውም አልኖረውም፣ አንዲት «ከዚያስ?» የምትል ሴት አለችው። የሌለችው ከተማ ካለ ገና አልተቆረቆረም፤ ወይም ተቆርቁሮ ፈርሷል። ይህች ሴት ሰው አጨብጭቦ እስኪጨርስ ትጠብቃለች። ተናጋሪው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ሲከት፣ ለስላሳ መጠጡ ሊታደል ሲል፣ ከኋላ ወንበር ብድግ ትልና ያቺን ቃል ትጥላለች። ያን ጊዜ የአዳራሹ ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ይጀምራል።

የእኛዋ፣ የመርሳዋ፣ እትዬ ንግሥት ይባላሉ። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወጣው መኪና ሁሉ በሚያልፍበት ዋና መንገድ ዳር ሚስማር፣ ቀለም፣ ገመድና ቆርቆሮ ይሸጣሉ። እኔ ከጎናቸው ፎቶ ቤት አለኝ። የሚለየን አንድ ስስ ግድግዳ ስለሆነ፣ እሳቸው ከደንበኛ ጋር ሲከራከሩ የእኔ ደንበኛ ለጉርድ ፎቶ ፊቱን ማስተካከል ያቅተዋል።

ልጃቸውን ራሄልን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት እኔም ነበርኩ። የልጁን ወገን፣ ሥራውንና ጠባዩን ዘርዝረው ሲጨርሱ፣ እትዬ ንግሥት «ከዚያስ?» አሉ።

«ከዚያማ ይጋባሉ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«ከዚያስ?»

«ይወልዳሉ፣ ይከብዳሉ።»

«ከዚያስ?»

ሽማግሌው ሙሽሮቹን በወሬ እስከ ጡረታቸው ድረስ ወስደው ላብ በላብ ሆኑ። ልጅቱ የተፈቀደችው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ባሏን ይዛ ደሴ ትኖራለች፤ እሱም እስከ አሁን አማቱን ሲያይ ሳይጠየቅ የወደፊት ዕቅዱን ይናገራል።

በሌላ ጊዜ ደግሞ አረንጓዴ የተቀቡ የቆሻሻ በርሜሎች በመንገዱ ዳር ተደርድረው ሪባን ተቆረጠ። «ሲሞሉስ ማን ይደፋቸዋል?» ብለው ጠየቁ እትዬ ንግሥት። «ኮሚቴ ይቋቋማል» ተባሉ። በርሜሎቹ ሞሉ። ፈሰሱ። ኮሚቴው ሳይመጣ አንዱ የጠላ ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ፣ ሌላው ተጋድሞ የዶሮ ቤት ሆነ። እትዬ ንግሥት ዶሮ ቤቱን ሄደው ጎበኙ፤ እንቁላል ገዝተው ተመለሱ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ «የፕሮጀክቱ ውጤት» ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። ስለ ዛፍ ግን ምንም አያውቁም። ዋንዛን ከግራቪሊያ አይለዩም፤ ሁሉም ለእሳቸው «ችግኝ» ነው። የችግኝ ነገር የያዛቸው በጋሽ ወልደገሪማ ምክንያት ነው።

ጋሽ ወልደገሪማ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ከትግራይ የመጡ የነጋዴ ቤተሰብ ልጅ፣ ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምተን የማናውቅ፣ ሥርዓት የሚወዱ ሽማግሌ። ቤታቸው ከከተማዋ በላይ ካለው ራቁት ተራራ በሚወርደው ገደል አፍ ላይ ነው። ተራራው ዛፍ ስለሌለው ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጎርፉ እንደ ፈረስ ይጋልባል። አንድ ክረምት አጥራቸውን ወሰደ። በሚቀጥለው የወጥ ቤታቸውን ግድግዳ ይዞ ሄደ፤ ባለቤታቸው ድስቷን ከጉልቻው አንሥታ ለጥቂት ተረፈች። ጋሽ ወልደገሪማ ለማንም አልተናገሩም። በፈረሰው በኩል ሸራ ሰቀሉና ዝም አሉ። ያ ዝምታ እትዬ ንግሥትን አበገናቸው።

በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ተራራው ላይ ችግኝ ይተከላል። ባለሥልጣኑ፣ ተማሪው፣ የእድርና የሰንበቴ ሰው ሁሉ ይወጣል። እኔም ካሜራዬን ይዤ እወጣለሁ፤ እንጀራዬ ነው። የዚያን ዓመት ካነሣኋቸው ሁሉ ያማረው የአቶ ዮሐንስ ፎቶ ነበር። አቶ ዮሐንስ የተከላውን ሥራ የሚመራው የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው፤ ወጣት፣ ፈጣን፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ። በሁለት እጁ ችግኝ ይዞ፣ ከነጥቁር ላስቲኳ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ ነው።

ጥቅምት ላይ እትዬ ንግሥት ዣንጥላቸውን ይዘው ብቻቸውን ወደ ተራራው ወጡ። ሲመለሱ ሱቃቸውን አልከፈቱም። በቀጥታ ወደ እኔ ቤት ገቡና አንድ የደረቀ ጭራሮ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ሥሩ ዙሪያ ጥቁር ላስቲክ እንዳለ ነው።

«ከነላስቲኳ ነው የቀበሯት» አሉኝ። «ሥሯ መውጫ አጥቶ እዚያው ታንቃለች። ያልታነቀውን ፍየል በልቶታል። አንድም አልተረፈም።»

«ያሳዝናል እትዬ» አልኩ።

«የዮሐንስን ፎቶ በትልቁ አውጣልኝ። በፍሬም ይሁን።»

«ለምን?»

«ለለቅሶ» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሠራሁላቸው። እሳቸው ከእኔ ወጥተው ወደ ጋሽ ወልደገሪማ ሄዱና የእድሩን ድንኳን ጠየቁ። ጋሽ ወልደገሪማ «ማን ሞተብሽ ንግሥት?» ቢሏቸው፣ ያንን ጭራሮ አሳዩዋቸው። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ «ደንባችን የአባል ቤተሰብ ይላል» አሉ በቀስታ፤ «እግር ያለው ብቻ ነው አይልም።» ድንኳኑ ተሰጠ።

በማግስቱ ጠዋት ከሱቁ ፊት ድንኳን ተተከለ። አግዳሚ ተደረደረ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። መሀል ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የእኔ ፎቶ፣ ፎቶው ጥግ ላይ ጥቁር ጨርቅ። ችግኟም ነበረች፤ ግን ችግኝ ማን ያያል? መንገደኛው ያየው የአቶ ዮሐንስን ሳቂታ ፊት ነው።

ባጃጅ ነጂው ሂሻም የመጀመሪያው ነበር። ፍሬን ይዞ ፎቶውን አየና «ያ ረቢ! ትናንት ከመናኸሪያ አድርሼው!» ብሎ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። ምንም ሳይጠይቅ ባጃጁን አዙሮ ለከተማዋ ሁሉ መርዶውን አዳረሰ። ከገበያ ሴቶች «ወይኔ ዮሐንስ!» እያሉ መጡ። ከውርጌሳ አንዲት አክስቱ ሚኒባስ ውስጥ እያለቀሰች ተሳፈረች ተባለ። ድንኳኑ ጢም አለ። የመጣው ሰው ተቀምጦ እንባውን ከጠራረገ በኋላ ነው እትዬ ንግሥት ተነሥተው ሙሾውን ያወረዱት፦

«ሐምሌ ሲሞሽሩሽ፣ ጭብጨባ እልልታ፤
ጥቅምት ማን መጣልሽ፣ ላንዲት ውሃ ጠብታ።
ላስቲኳን ሳይፈቱ፣ አፈር አለበሷት፤
ፎቶ ተነሡና፣ ለፍየል ሰጧት።»

ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። «ዮሐንስ ሴት ነው እንዴ?» አለ አንዱ። እየቆየ ነገሩ ገባን። ሊስቅ የፈለገ ነበር፤ ግን ጋሽ ወልደገሪማ ፊት ለፊት ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ እውነተኛ እንባ እያፈሰሱ ነበር። ማንም አልሳቀም።

አቶ ዮሐንስ የዚያን ዕለት ወልድያ ስብሰባ ላይ ነበር። መሞቱን በስልክ ሰማ። የጽሕፈት ቤቱን ፒክአፕ አስነሥቶ ከቀትር በኋላ ደረሰ። ከመኪናው ሲወርድ፣ ሙሾውን ያልሰሙ ዘግይተው የመጡ ሴቶች ጩኸታቸውን ለቀቁት። አንዲት አሮጊት ጉንጩን ዳሰሰችና «ሥጋህ ነው ወይስ መንፈስህ?» አለችው።

«ሰው ነኝ እማማ!» አለና ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ጥቁሩን ጨርቅ ሲያይ ፊቱ ተቀያየረ። «እትዬ ንግሥት፣ ይሄ ምንድን ነው? ማን ነው የሞተው?»

«ፎቶው ላይ በእጅህ የያዝካት ናት። ቀርበህ እያት።»

«ባለቤቴ ማርታ ራሷን ስታ ወድቃ ነበር!»

እትዬ ንግሥት ይህን ሲሰሙ ተቀመጡ። «ማርታን ይቅርታ እጠይቃታለሁ» አሉ። «እሷን በማስደንገጤ ልክ አልሠራሁም። እቤቷ ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ። አንተን ግን አልጠይቅህም።»

«በመንግሥት ሥራ ላይ መሳለቅ ነው ይሄ! ያለ ፈቃድ መንገድ ዳር ድንኳን! ይፍረስ!» ብሎ ከመኪናው ኋላ ወደመጡት ደንብ አስከባሪዎች ዞረ። ዋናው አቤል ይባላል፤ የሰፈራችን ልጅ ነው። አቤል ወደ ድንኳኑ ምሰሶ ሲጠጋ ጋሽ ወልደገሪማ ቀድመውት ምሰሶውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ልጄ» አሉት፤ «ጎርፉ ግድግዳዬን ሲወስድ ደንብ አስከባሪ አልመጣም። አጥሬን ሲወስድም አልመጣም። እኔም አልጠራሁም። አሁን ግን ለቅሶ ላይ ነኝ። እድራችን ኀዘንተኛ አስነሥቶ አያውቅም፤ በእኔ ዳኝነትም አያስነሣም።»

ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነበር። እዚያ የነበርን ሁሉ ተነሣን። ማን እንዳስነሣን አላውቅም። ብቻ ቆመን ተገኘን፤ እኔም ከነካሜራዬ።

ከሴቶቹ በኩል አንድ ድምፅ መጣ፤ የአቤል እናት ናቸው። «አቤል! ኮፍያህን አውልቅና ተቀመጥ። ለቅሶ ቤት ተገትሮ አይዋልም።»

አቤል አለቃውን አየ፤ እናቱን አየ። ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ። ንፍሮ ሰጡት።

አቶ ዮሐንስ «በሕግ እንገናኛለን!» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

«ነገም እዚሁ ነኝ» አሉ እትዬ ንግሥት። «ሠልስቷን ሳላወጣ የትም አልሄድም።»

በማግስቱ ሱቃቸው ታሸገ። ምክንያቱ መንገድ መዝጋት ነው ተባለ። እትዬ ንግሥት በታሸገው በር ላይ ጀርባቸውን ደግፈው ተቀመጡ። ይፈሩ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «እንዴታ! እንጀራዬ እኮ ነው» አሉኝ። «ግን ፈርቼ ዝም ብል ተራራው ይለመልማል?»

የዚያኑ ቀን ረፋዱ ላይ የአቶ ዮሐንስ ባለቤት፣ ማርታ፣ እንደ ክረምት ደመና ጠቁራ መጣች። እትዬ ንግሥት ከመቀመጫቸው ተነሥተው እንዳሉት እግሯ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ማርታ ደግፋ አስቀረቻቸው። ስድቧን አዘጋጅታ እንደመጣች ያስታውቅ ነበር። ግን ችግኟን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ላስቲኳን በጣቷ ዳሰሰች።

«ሁሉም እንደዚህ ናቸው?»

«ወጥተሽ እይ» አሏት።

ማርታ ያንን ተራራ በነጠላ ጫማ ወጣች። ስትወርድ ቀሚሷ እሾህ በእሾህ ሆኗል፣ በእጇም አንድ እቅፍ ጥቁር ላስቲክ ይዛለች። በቀጥታ ወደ ቤቷ ሄደች። እዚያ ቤት የተባለውን አልሰማንም። ነገር ግን በሦስተኛው ቀን አቶ ዮሐንስ ያለ መኪና፣ ጋቢ ለብሶ፣ እንደ ለቀስተኛ አንገቱን ደፍቶ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ጥግ ላይ ተቀመጠ። ንፍሮውን ተቀበለ።

«እትዬ» አለ በመጨረሻ፤ «ከላይ የሚጠይቁኝ ስንት ተተከለ ብለው ነው። ስንት ጸደቀ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«እኔ ሐምሌ ላይ ‹ከዚያስ?› ብዬ ጠይቄህ የለም ወይ?»

«ጠይቀውኛል።»

«ምን አልከኝ?»

አቶ ዮሐንስ ጋቢውን አስተካከለ። «ኮሚቴ ይቋቋማል» አለ፤ ይህን ሲል ራሱም ፈገግ አለ። ድንኳኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

እዚያው ንፍሮ ላይ ተስማማን። ከእንግዲህ ሰው የሚተክለው ሊያሳድግ የሚችለውን ብቻ ይሆናል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ችግኝ ይይዛል፤ በጋውን በየቅዳሜው ያጠጣል። ፍየል ያለው ወደ ተራራው አይሰድም፤ በምትኩ ሣሩን አጭዶ ይወስዳል። ሂሻም የውሃ ጀሪካን በባጃጁ እስከ ተራራው ግርጌ ሊያመላልስ ማለ። «ሰው ሳይሞት መርዶ ስላደረስኩ ካሳ ይሁንልኝ ወላሂ» አለ። የሱቁ እሽግም ከሰዓት በኋላ ተነሣ፤ የቀደደው አቤል ነው።

በሚቀጥለው ሐምሌ ተራራው ላይ የወጣው ችግኝ ካለፈው በጣም ያነሰ ነበር፤ አቶ ዮሐንስም ለዚያ ከላይ ተቆጥተውታል። እትዬ ንግሥት መውረጃው ላይ በርጩማ አስቀምጠው ተቀመጡና የከለከሉት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ባዶ ላስቲኩን ያላስረከበ ሰው ወደ ቤቱ አይወርድም። ከወልድያ የመጡ እንግዳ ባለሥልጣን «እኔ እቸኩላለሁ» ቢሏቸው፣ «ችግኟም ለመተንፈስ ትቸኩላለች» ብለው መለሷቸው። ሰውየው ተመልሰው ቆፈሩ። ይህንን ፎቶ ማንም አላዘዘኝም፤ ግን አነሣሁት።

በጋው ሲመጣ አሳራችንን አየን። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በሬን በዣንጥላቸው እየቆረቆሩ ይቀሰቅሱኛል። «ራስህ ምሳህን በልተህ ልጅህን ታስርባለህ?» ይሉኛል። ወገቤን ያመኛል ብል «ለተራራውም ወገብ እንሥራለት» ይላሉ። አንዳንድ ችግኝ ከነውሃው ሞተ። ጥቂቱን ፍየል ሰርቆ በላ፤ የፍየሉ ባለቤት ለሳምንት በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር። ግን ተራራው ሣር አበቀለ። ጋሽ ወልደገሪማም አንድ ቀን ሸራውን አወረዱና የወጥ ቤታቸውን ግድግዳ እንደገና መምረግ ጀመሩ። ጭቃውን ሲያቦኩ አይቻቸው፣ «ክረምቱን ሳያዩ?» አልኳቸው። «ይምጣ» አሉ።

የካቲት ላይ እትዬ ንግሥት ታመሙ። የሐሞት ጠጠር ነው ተብሎ ደሴ ተወስደው ኦፕራሲዮን ሆኑ፤ እስኪያገግሙም ራሄል ጋ ቆዩ። እውነቱን ለመናገር ከተማዋ እፎይ አለች። ስብሰባ በጊዜው ያልቅ ጀመር። ቅዳሜ ጠዋት በሬን የሚቆረቁር ጠፋ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ግን በራሴ ጊዜ ነቃሁ። ተራራው ላይ ወጥቼ የራሴን ግራቪሊያ ካጠጣሁ በኋላ ጀሪካኔ ውስጥ ውሃ ቀረ። ከላይ በኩል የእትዬ ንግሥት ዋንዛ ለብቻዋ ቆማለች። ግራ ቀኙን አየሁና የቀረውን ደፋሁላት። ማክሰኞም በዚያ በኩል ጉዳይ ነበረኝ፤ የምን ጉዳይ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ደፋሁላት። ሐሙስ ስሄድ አፈሩ ርጥብ ነበር፤ ጤዛ ይሆናል ብዬ ጨመርኩላት።

ከደሴ የተመለሱ ዕለት፣ ከመኪና ወርደው ቤታቸው ሳይገቡ «ወደ ላይ» አሉ። ሐኪሙ ዳገት ከልክሏቸዋል። ማን ሊያስቆማቸው! ሂሻም እስከ ግርጌው በባጃጅ አደረሳቸው፣ ከዚያ በኋላ በጋሽ ወልደገሪማ ክንድ ተደግፈው ወጡ። እኛም ተከተልን፤ አቶ ዮሐንስና ማርታ፣ አቤልና እናቱ፣ የገበያው ሴቶች ሁሉ።

በየችግኙ አጠገብ እየቆሙ ይመረምራሉ። «ይቺ የማን ናት? ጥሩ። ይቺስ? ዙሪያዋን ኮትኩት።» እንዲህ እያሉ የራሳቸው ዋንዛ ዘንድ ደረሱ።

ዋንዛዋ ጭቃ ውስጥ ቆማለች። ቅጠሎቿ ቢጫ ሆነው ቁልቁል ተንጠልጥለዋል። ጎርፍ የተኛባት ትመስላለች።

«ማን ነው?» አሉ።

ሂሻም ሰማዩን አየ። ማርታ የነጠላዋን ጥለት መቁጠር ጀመረች። እኔ ካሜራዬን ጠረግሁ።

«ማን ነው ያልኩት!»

«እኔ... ሰኞ ሰኞ ብቻ» አለ አቶ ዮሐንስ።

«እኔ ከጁምዓ በኋላ» አለ ሂሻም።

«ማታ ማታ በጣሳ» አሉ ጋሽ ወልደገሪማ፣ ሥርዓት የሚወዱት ሽማግሌ፣ ዓይናቸውን ሰብረው። አቤልም ነበረበት። የአቤል እናትም ልጃቸው መሄዱን ሳያውቁ ነበሩበት። እኔም ተናገርኩ፤ የሐሙሱን ብቻ።

እትዬ ንግሥት አንድ በአንድ አዩን። ከዚያ የተሰፋውን ጎናቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው በርከክ አሉና፣ በሌላው እጃቸው ከዋንዛዋ ግርጌ ውሃው የሚወጣበትን ቦይ መጫር ጀመሩ። አቶ ዮሐንስ በዚያ በማይጨማደደው ሸሚዙ ጭቃው ውስጥ ተንበረከከ። ሂሻም ድንጋይ አነሣ። ሁላችንም አንድ ላይ ስንሻማ ዛፏን ልንረግጣት ምንም አልቀረንም።

«ዞር በሉ!» ብለው ጮኹብን፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። «ዞር በሉላት እናንተ ሰዎች! ነፋስ ታግኝ!»

ዞር አልን። ወደ ቤቱ የወረደ ግን አልነበረም።